የጥንዶች ጤና፦ እግር ትከሻ ላይ ሲወጣ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ አኳኋን ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው፦ ሴቷ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ የምታጥፍበት ወይም እግሮቿን አንስታ የአጋሯ ትከሻ ላይ የምታሳርፍበት የግንኙነት ዓይነት። ብዙ ጥንዶች ይሞክሩታል፤ በሕመም ምክንያት የሚያቋርጡትም ጥቂት አይደሉም። አብዛኛዎቹ ጥያቄዎች «ችግሩ ከእኔ ነው?» በሚል ስጋት የተጻፉ ናቸው። ገደቡን የሚያበጀው ግን ድፍረትም ፍቅርም ሳይሆን መገጣጠሚያ ነው። መገጣጠሚያ ጥጉ ላይ ከደረሰ በኋላ የሌላ ሰው ክብደት ሊጨመርበት አይገባም። ከታች የምንመልሰው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ጥያቄ፦ *31 ዓመቴ ነው። እግሬን የባለቤቴ ትከሻ ላይ ሳደርግ ጭኔ ከኋላ በኩል ይወጠራል፣ ባቴን ይጨመድደኛል፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልችልም። ሰውነቴ ደረቅ ስለሆነ ነው? ልምምድ ቢረዳኝስ ምን ዓይነት?*

መልስ፦ ሰውነትዎ ደረቅ ስለሆነ አይደለም። ከጭን ኋላ ያሉት ረጃጅም ጡንቻዎች ከመቀመጫ አጥንት ተነስተው ጉልበትን ካለፉ በኋላ ነው የሚያርፉት። ሁለት መገጣጠሚያ ስለሚያቋርጡ ጭን ወደ ሆድ ሲመጣም፣ ጉልበት ሲዘረጋም ይወጠራሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡባቸው ርዝመታቸው አይበቃም። ጉልበቱን ያጠፈ ሰው ጭኑን ወደ ሆዱ እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ማምጣት ይችላል። ጉልበቱን ቀጥ ካደረገ ግን ብዙ ጤነኛ ሰው 80 ወይም 90 ዲግሪ ላይ ይቆማል። የተዘረጋ እግር ትከሻ ላይ ወጥቶ ባለቤትዎ ወደ ፊት ሲያጎነብስ የሚጠየቁት ከዚያ በላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው ሰውነትዎ ሳይሆን የጉልበትዎ አያያዝ ነው። ጉልበትዎን እጠፉት።

አጀማመሩ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። ከመቀመጫዎ ሥር ጠንከር ያለ ትራስ ወይም የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ያስገቡ፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል። በጣም ለስላሳ ትራስ ክብደት ሲያርፍበት ሰምጦ ከንቱ ይሆናል። ትራሱ ከመቀመጫ ሥር እንጂ ከወገብ ሥር አይሁን፤ ወገብ ሥር የገባ ትራስ ጀርባን ቆልምሞ በማግስቱ ሕመም ይዞ ይመጣል። ከዚያ ሁለቱንም ጉልበት አጥፈው ውስጥ እግርዎን በባለቤትዎ ደረት ወይም በዳሌው አጥንት ላይ ያሳርፉ። ይህ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው፣ እኛ ግን ከሁሉ የምንመርጠው ደረጃ ነው። እግርዎ በመካከላችሁ ስላለ ርቀቱን የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ፤ ገፋ ሲያደርጉት ይርቃል፣ ሲለቁት ይቀርባል።

እዚህ ላይ ምቾት ካለ አንዱን እግር ብቻ ያንሱ፤ ሌላው ጉልበቱ ታጥፎ ፍራሹን እንደረገጠ ይቆይ። አንድ እግር ብቻ ሲነሳ የወገብ ጭነት ይቀላል፤ ማዕዘኑ ግን ከሁለቱ እግር ብዙም አይለይም። ሁለቱንም የሚያነሱት በመጨረሻ ነው። ያኔም ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ፣ ባትዎ (ጉልበትዎ ሳይሆን) ትከሻው ላይ ያርፍ። ባለቤትዎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከወገቡ በላይ ቀና ይበል። ክብደቱን የሚሸከመው የራሱ ጉልበትና የራሱ እጅ ነው፤ የእርስዎ ጭን መደገፊያ አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፦ ስሜቱ ሲግል ወደ ፊት ይደፋል፣ ጭንዎ ከደረትዎ ጋር ይጣበቃል፣ መገጣጠሚያው ጥጉን ያልፋል፣ ሳንባዎም የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። «ቀና በል» የሚለውን ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙበት። መናገር ለሚከብድበት ሰዓት ደግሞ ክንዱን ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ ይበቃል።

ባትዎን የሚጨመድደው ሌላ ምክንያት አለው። ሰው ሲወጠር ሳያውቀው የእግር ጣቱን ወደ ፊት ይቀስራል፤ በዚህ ጊዜ የባት ጡንቻ አጥሮ እንደተኮማተረ ይቆያል። ጣቶችዎን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ። ከጨመደደዎትም ያንኑ ያድርጉ፦ እግርዎን አውርደው ጣቶቹን ወደ ራስዎ ስበው ግማሽ ደቂቃ ያቆዩ፣ ከዚያ ይሹት። ሲወርዱም በአንድ ጊዜ አይልቀቁ። መጀመሪያ ጉልበት ይታጠፍ፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። በጀርባዎ ተኝተው አንድ እግር ያንሱ፤ ፎጣ ወይም ሻሽ በውስጥ እግርዎ አዙረው ሁለቱን ጫፍ በእጅ ይያዙ። ጉልበቱ ትንሽ እንደታጠፈ፣ ከጭን ኋላ መካከል ላይ ልስልስ ያለ መወጠር እስኪሰማዎት ይሳቡና 30 ሰከንድ ያቆዩ። በእያንዳንዱ እግር ከ2 እስከ 4 ጊዜ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን። ሰውነት ከሞቀ በኋላ ይሁን፤ ጥቂት ደቂቃ ከተራመዱ ወይም ሙቅ ውሃ ከታጠቡ በኋላ ማለት ነው። ለውጥ የሚታየው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለም። እየዘለሉ መሳብ፣ ትንፋሽ አፍኖ መሳብ ጡንቻውን የባሰ ያስቆጣዋል። መወጠሩ ከጉልበት ጀርባ ወይም ከመቀመጫ አጥንት አጠገብ ከተሰማዎ፣ እግርዎም ከደነዘዘ፣ የሚሳበው ነርቭ ወይም ጅማት ሊሆን ይችላልና ይቀንሱ።

አንድ ልዩነት ልብ ይበሉ። ሕመሙ ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ ብሽሽት ላይ እንደ መቆንጠጥ ከሆነ ጉዳዩ የጡንቻ ማጠር ላይሆን ይችላል። የአንዳንድ ሰው የዳሌ አጥንት በአፈጣጠሩ ጭኑ ጥግ ሳይደርስ እርስ በርሱ ይገናኛል። አጥንት በልምምድ አይዘረጋም፤ በግድ መግፋት ይጎዳዋል። ጭኑን ትንሽ ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ማጠፉንም ቀንሶ መሞከር ነው፤ ካልተሻለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይየው።

ጥያቄ፦ *በዚህ አኳኋን ስንሆን ውስጤ የሚመታ ያህል ያመኛል፤ አንዳንዴም ያጥወለውለኛል። ለባለቤቴ ደስ ስለሚለው ዝም እላለሁ። ጉዳት አለው?*

መልስ፦ ዝም አይበሉ። ይህን በቅድሚያ የምንለው ለጨዋነት ሳይሆን ለሕክምና ምክንያት ነው፤ ሕመም የሚጠብቅ ሰውነት የዳሌ ወለል ጡንቻዎቹን (ብልትንና ፊኛን ከሥር የሚደግፉትን) አስቀድሞ ያጠብቃል፣ የጠበቀ ጡንቻ ደግሞ ቀጣዩን ግንኙነት የባሰ ያሳምማል። ክቡ በዚህ ይዘጋል።

የሚመታው በአብዛኛው የማህፀን በር ነው። ብልትዎ ስሜት ሳይነሳ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ስሜት ሲነሳ ይረዝማል፤ ማህፀንም ወደ ላይ ይሳባል። ጉልበት ወደ ደረት ሲመጣ ግን ዳሌ ይዞርና መንገዱ አጭርና ቀጥተኛ ይሆናል። ስሜት በደንብ ሳይነሳ በዚህ አኳኋን የሚጀምር ሰው በአጭሩ መንገድ ላይ ጥልቁን ግንኙነት ያደርጋል ማለት ነው። ማጥወልወሉም ከዚያው ነው፤ የማህፀን በር ሲነካ የሚነቃው ነርቭ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለአፍታ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ሲያዞርዎት ያቁሙ፤ እግርዎን አውርደው በጎን ይተኙ።

መፍትሔው በርከት ያለ ነው። በመነካካትና በመሳሳም የሚያልፈው ጊዜ ይርዘም፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ ለብዙ ሴት የተጋነነ አይደለም። ይህን አኳኋን መጀመሪያ ሳይሆን መሃል ላይ ያምጡት። ከመቀመጫ ሥር ያለውን ትራስ ያውጡና ጭንዎን ከሆድዎ ያርቁ። እነዚህ ካልበቁ ሁለቱንም እግር በአንድ ትከሻው ላይ በማድረግ ጭኖችዎን ያጋጥሙ፤ የተጋጠመ ጭን ከውጭ በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሚወስድ ጥልቀቱ በራሱ ይቀንሳል፣ መጥበቁ ግን ለሁለታችሁም ይሰማል። ከወንዱ ብልት ሥር የሚጠለቁ ለስላሳ ቀለበቶችም ለዚሁ የተሠሩ አሉ። እጅዎን በመካከል አድርጎ ብልቱን ከሥሩ መያዝም ያንኑ ይሠራል።

ማለስለሻ ለመጠቀም አያመንቱ። ውሃ ያለበት ከኮንዶም ጋር ይስማማል፤ ሲደርቅ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ ይመልሰዋል። ከሲሊኮን የተሠራው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ እሱም ከኮንዶም ጋር አይጣላም። ዘይት፣ ቅባት ወይም ቫዝሊን ግን የላቴክስን ኮንዶም በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክመዋል። ምራቅ ቶሎ ይደርቃል። ጡት በማጥባት ላይ ያሉና የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች በሆርሞን ማነስ ድርቀት ስለሚበዛባቸው ማለስለሻ ለእነሱ ትርፍ ነገር አይደለም።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብዎት ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ፣ ሕመሙ በየትኛውም አኳኋን ከመጣ፣ እስከ ማግስቱ ከቆየ፣ ወይም ከከባድ የወር አበባ ሕመም ጋር ከተያያዘ ነው። የመጨረሻው የኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ምልክት ሊሆን ይችላል። ሽታ ያለው ፈሳሽና ትኩሳት ካለ ደግሞ ቀን አይቁጠሩ። ለሐኪሙ ሕመሙ መግቢያው ላይ ነው ወይስ ጥልቅ ውስጥ፣ የሚለውን ለይተው ይንገሩት፤ መንስኤያቸው ይለያያል።

ጥያቄ፦ *እኔ ወንድ ነኝ። በዚህ አኳኋን ተንበርክኬ ጥቂት ከቆየሁ ወገቤና ጉልበቴ ይገድለኛል። የሚስቴ እግር ደግሞ ይደነዝዛል። ምን እናድርግ?*

መልስ፦ ከድንዛዜው እንጀምር፤ ችላ የሚባል አይደለም። ከጉልበት ውጫዊ ጎን፣ ዝቅ ብሎ ያለችው የአጥንት ጉብታ ላይ ነርቭ ከቆዳ ሥር ብቻ ሆኖ ያልፋል። ያ ቦታ የትከሻ አጥንት ወይም የአልጋ ጠርዝ ላይ ካረፈ ነርቩ ይጫናል፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው የእግር የላይኛው ገጽ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይሆናል። በቀዶ ሕክምና ጊዜ እግር ተሰቅሎ ሲቆይ የሚደርሰው የነርቭ ጉዳትም ከዚሁ ዓይነት ነው። ስለዚህ ትከሻዎ ላይ የሚያርፈው የባቷ መካከል ይሁን፤ አጥንት በአጥንት ላይ እንዳይሆን ትከሻዎ ላይ የተጣጠፈ ፎጣ ያድርጉ። መደንዘዝ እንደጀመረ እግሯን ያውርዱ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይ ማንሳት ካቃታት ወይም ድንዛዜው ለሰዓታት ከቆየ ሐኪም ይያት።

የእርስዎ ጉልበት ከጠንካራ መሬት ወይም በጣም ከሚሰምጥ ፍራሽ ይጠበቅ። ከጉልበትዎ ሥር ቀጭን ትራስ፣ በመቀመጫዎና በተረከዝዎ መካከል ደግሞ ሌላ ትራስ ማስገባት የጉልበት መታጠፍን ይቀንሳል። ከሁሉ የሚቀለው ግን አልጋው ጫፍ ነው። ሚስትዎ መቀመጫዋን ጠርዙ ላይ አድርጋ ትተኛለች፣ እርስዎ ይቆማሉ። እዚህ የሚወስነው ከፍታ ነው፦ የፍራሹ የላይኛው ገጽ ከብልትዎ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል ይመረጣል። ብዙ አልጋ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለቆመ ወንድ ያጥራል፤ ወገብዎን ጎብጠው ከሚያካክሱት ከእሷ ሥር ጠንካራ ትራስ ቢጨምሩ ወይም እርስዎ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ቢንበረከኩ ይሻላል።

የወገብ ሕመምን በተመለከተ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ጥንዶች ግንኙነት ሲያደርጉ የአከርካሪያቸውን እንቅስቃሴ በካሜራ ለክተው ነበር። እስከዚያ ድረስ ለወገብ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚመከረው በጎን መተኛት ነበር። ጥናቱ ያሳየው ግን ሲጎነበሱ ወገባቸውን ለሚያማቸው ወንዶች በጎን መተኛት ከተለኩት ሁሉ የባሰ ጎንባሳ እንደሚያደርጋቸው፣ ሴቷ በእጅና በጉልበቷ ሆና ወንዱ ከኋላ የሚሆንበት ደግሞ እንደሚሻላቸው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ። ጫማ ሲያስሩ ወይም ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ከሆነ የሚያምዎ፣ ወደ ፊት የሚያስጎነብሰውን ይቀንሱ። ሲቆሙ ወይም ወደ ኋላ ሲለጠጡ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይስማማዎታል። በሁለቱም ረገድ እንቅስቃሴው ከዳሌ መገጣጠሚያ ይምጣ፤ ወገብ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይቆይ።

ጥያቄ፦ *58 ዓመቴ ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያዬ ከተቀየረ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ከኋላ በኩል ነው የተከፈተው። ሐኪሜን ለመጠየቅ አፍሬያለሁ።*

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ቀዶ ሐኪሞች በየጊዜው ይሰማሉ፤ ይጠይቁት። ብዙዎቹ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ግንኙነት እንዲጀመር ይፈቅዳሉ። የሚከለክሉት አኳኋኑን ነው። ከኋላ ለተከፈተ ዳሌ ሦስት ነገር አይፈቀድም፦ ጭንን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግርን ከሰውነት መካከለኛ መስመር ማሻገር፣ የእግር ጣትን ወደ ውስጥ ማዞር። እግርን ትከሻ ላይ ማውጣት የመጀመሪያውን በቀጥታ ይጥሳል፤ ሐኪምዎ በግልጽ እስካልፈቀደልዎ ድረስ ይቅር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ከፊት ለተከፈተ ሰው ገደቡ ሌላ ነው፤ እግርን ወደ ኋላ መለጠጥና ወደ ውጭ ማዞር። የጎረቤት ምክር ለእርስዎ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

90 ዲግሪን በዓይን ለማወቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጭንዎ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሲሆን ይመልከቱት፤ ያ ነው። ለአሁኑ በጀርባዎ ተኝተው እግርዎን ትንሽ ከፍተው፣ የተቀየረው እግር በትራስ ከውጭ በኩል ተደግፎ ወደ ውስጥ እንዳይዞር ሆኖ፣ ባለቤትዎ ክብደቱን በእጁ ይሸከም። በጎን ከሆነ ጤነኛው ጎን ወደ ታች ይሁን፤ በሁለቱ ጉልበቶችዎ መካከል ወፍራም ትራስ፣ ባለቤትዎ ከጀርባ። ትራሱ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ካልደረሰ እግሩ ወድቆ ይሻገራል። ድንገተኛ ብርቱ ሕመም፣ የእግሩ ማጠር ወይም ወደ ውስጥ መዞር፣ መርገጥ አለመቻል ከታየ መገጣጠሚያው ወልቆ ሊሆን ይችላልና ሳይንቀሳቀሱ አምቡላንስ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ *ባለቤቴ በአደጋ ምክንያት ከደረቷ በታች ስሜትም እንቅስቃሴም የላትም። እግሯን ሳነሳው ይንቀጠቀጣል። ሁለታችንም ይህን አኳኋን እንወደዋለን፤ እንዳልጎዳት ግን እፈራለሁ።*

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ግን መተው ማለት አይደለም። ሌላ ሰው «በቃ» የሚለው ሲያመው ነው፤ የባለቤትዎ እግር ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ገደቡ አስቀድሞ መለካት አለበት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዳሌዋና ጉልበቷ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለክቶ ይንገራችሁ፤ ከዚያ ልክ ትንሽ ቀንሳችሁ ቁሙ። ከጉዳቱ በታች ያለ አጥንት ክብደት ሳይሸከም ሲቆይ ይሳሳል፤ በኃይል የተገፋ ጭን ሊሰበር ይችላል፣ እሷም ላይሰማት ይችላል። እግሯ ያበጠ፣ የሞቀ ወይም ቅርጹ የተለወጠ ከመሰለ ኤክስሬይ ይነሳ።

መንቀጥቀጡ የሚመጣው በአብዛኛው እግሯ በፍጥነት ሲነሳ ነው። ጉልበቷን አጥፈው፣ አንድ እጅ ከተረከዟ ሥር ሌላው ከጉልበቷ ሥር አድርገው ቀስ ብለው ያንሱት። ከተንቀጠቀጠ አይታገሉት፤ እዚያው ይዘውት ይጠብቁ፣ ያልፋል። ከግንኙነቱ በፊት በተመሳሳይ መንገድ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ እግሯን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ይረዳል። እግሯን በትከሻዎ ከመሸከም ይልቅ በሁለቱም ወገን ትራስ ደርድረው ጉልበቷን እላዩ ላይ ማሳረፍ ለእሷም ለእርስዎም ይመቻል።

ከመቀመጫ ሥር የሚገባው ትራስ ለስላሳና ሰፊ ይሁን፤ ክብደቱ በጭራ አጥንቷ ላይ ከተሰበሰበ ቆዳዋ ይቆስላል። በአንድ ቦታ አትቆዩ፤ በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ አዙሯት። ሲጨርሱ መቀመጫዋን፣ ተረከዟንና ከጉልበቷ ኋላ ያለውን ቦታ በብርሃን ይዩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልጠፋ የቆዳ መቅላት ወይም መጥቆር ቦታው ከጫና እንዲያርፍ ይፈልጋል። አስቀድማ ሽንቷን ትሽና። ቋሚ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ካላት ቱቦው ወደ ሆዷ ተመልሶ በፕላስተር ይያዝ፤ እንዳይታጠፍና እንዳይሳብ ብቻ ይጠበቅ። ስሜት ስለማይሰማት ድርቀቱን የምታውቁት በዓይን ነውና ማለስለሻ ሁልጊዜ ይኑር።

ጉዳቷ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ አደጋ አለ። ከጉዳቱ በታች የሚደርስ ጫና ወይም የሞላ ፊኛ የደም ግፊቷን በድንገት ሊያሽቅብ ይችላል። ምልክቱ ጭንቅላትን የሚቀጠቅጥ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ማላብ፣ የአፍንጫ መዘጋት ነው። ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ቀና አድርገው ያስቀምጧት፣ እግሯን ወደ ታች ያውርዱ፣ የጠበቀ ልብስ ያላሉ፣ ሽንት እንዳልታገደ ይዩ። በደቂቃዎች ውስጥ ካልበረደ የድንገተኛ ሕክምና ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለአፍታም ተኝታ እንዳትቀር።

ጥያቄ፦ *የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ከድሮው የበለጠ እግሬ ይነሳል። ችግር የለውም?*

መልስ፦ የበለጠ የሚነሳው በእርግዝና ሆርሞን ጅማቶችዎ ስለላሉ ነው፤ መቻልዎ የመገጣጠሚያዎን ጥንካሬ አያሳይም። ጥጉ ድረስ አይሂዱ። ከ20 ሳምንት በኋላ በጀርባ ጠፍጣፋ መተኛት ማህፀን ትልቁን የደም ሥር እንዲጫን ያደርጋል፤ ያዞራል፣ ያጥወለውላል። ከቀኝ ዳሌዎ ሥር ትራስ አስገብተው ወደ ግራ ዘንበል ይበሉ፤ ወይም አልጋው ጫፍ ላይ ትከሻዎ በትራስ ከፍ ብሎ ይሁን። ብሽሽትዎ ወይም የፊት ዳሌ አጥንትዎ እግር ሲከፈት የሚያምዎ ከሆነ ይህን አኳኋን ትተው በጎን ይተኙ። ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የእንግዴ ልጁ ታች እንደሆነ ከተነገረዎ ግንኙነት ራሱ በሐኪም ፈቃድ ብቻ ነው።

መገጣጠሚያዎቻቸው በተፈጥሮ ከመጠን በላይ የሚተጣጠፉ ሰዎችም ይኸው ምክር ይመለከታቸዋል። ሌላው ሰው የሚቸገረው መድረስ ሲሆን እነሱ የሚቸገሩት መቆም ነው፤ ጥጉ ከመድረሱ በፊት ትራስ ቢያቆማቸው በማግስቱ ከሚመጣ ሕመም ይድናሉ።

ጥያቄ፦ *ባለቤቴ እላዬ ሆና ስትንቀሳቀስ ወይም እግሯ ትከሻዬ ላይ ሆኖ በፍጥነት ስንሆን ብልቴ ይወጣና ይጋጫል። አንድ ጊዜ በጣም አሞኛል። ሊሰበር ይችላል የሚባለው እውነት ነው?*

መልስ፦ እውነት ነው። አጥንት ባይኖረውም የቆመ ብልት ደም የያዘውን ክፍል የሚሸፍነው ጠንካራ ሽፋን ታጥፎ ሊቀደድ ይችላል። የሚሆነውም እንደገለጹት ነው፦ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ሲመለስ መንገዱን ስቶ አጥንት ይመታል። የመሰበር ድምፅ፣ ብርቱ ሕመም፣ ወዲያው መርገብ፣ ማበጥና መጥቆር ከተከታተሉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ ቶሎ የተሰፋ በደንብ ይድናል፣ የዘገየ ሊጣመም ይችላል። ሽንት ውስጥ ደም ካለ የሽንት ቧንቧም ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ለመከላከል እንቅስቃሴውን ያሳጥሩ፤ ጫፉ እስኪወጣ ወደ ኋላ አይሂዱ። እግሯ ትከሻዎ ላይ ሲሆን የመግቢያው ማዕዘን ወደ ላይ ስለሚዞር ከወጣ በፍጥነት አይመልሱት፤ በእጅ ይምሩት። ማለስለሻ ሲበዛም መንሸራተቱ ይጨምራልና ፍጥነቱን በዚያው ልክ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ *ልጅ እንፈልጋለን። ከግንኙነት በኋላ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለግማሽ ሰዓት እንድቆይ ተመክሬያለሁ። ይረዳል?*

መልስ፦ እግር መስቀል ለማርገዝ እንደሚረዳ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የዘር ፍሬ (የወንዱ የዘር ሕዋስ) በደቂቃዎች ውስጥ የማህፀን በር ይደርሳል፤ ሲነሱ የሚፈሰው አብዛኛው ፈሳሽ እንጂ የሚፈለገው የዘር ፍሬ አይደለም። የትኛው አኳኋን ይሻላል የሚለውም ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ጊዜው ነው፤ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት 5 ቀናትና በሚወጣበት ቀን፣ በየቀኑ ወይም ቀን እያለፈ መገናኘት። ማለስለሻ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ብዙዎቹ የዘር ፍሬን እንቅስቃሴ ያዘገያሉና ለእርግዝና ፈላጊዎች የተዘጋጀውን ይምረጡ። ተነስተው ሽንትዎን ይሽኑ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ለሚደጋገምባት ሴት ከግማሽ ሰዓት መሰቀል ይልቅ ይህ ይጠቅማታል። ዕድሜዎ ከ35 በታች ሆኖ ዓመት፣ ከ35 በላይ ሆኖ 6 ወር ሞክራችሁ ካልተሳካ ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ።